የእኔ እጅ፣ የመካኒኩ እጅ እና ያረጀ ኮሮላ

አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የመኪናውን የፍሬን ሸራ የሚቀይረው ራሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሜሪላንድ ካለው ቤቱ ፊት ለፊት መኪናውን በክሪክ ያነሣል፣ ጎማውን ይፈታል፣ ምሳ ሳይደርስ ጨርሶ እጁን ይታጠባል። ከዚያ ፎቶ ይልክልኝና «አንተስ ለምን ለሰው ትከፍላለህ?» ይለኛል። ለእሱ ሒሳቡ ትክክል ነው። እዚያ የመካኒክ የአንድ ሰዓት ጉልበት ብዙ ቦታ ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ሸራው ራሱ ግን ከዚያ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። አንዳንድ የመለዋወጫ ሱቆች ልዩ መሣሪያ ሲያስፈልገው በመያዣ ያውሱታል፤ ሲመልስም መያዣውን ይመልሱለታል። እጁን ባቆሸሸ ቁጥር ኪሱ ውስጥ የሚቀረውን ገንዘብ ቆጥሮ ማየት ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ይኸው ሒሳብ ይገለበጣል። እዚህ ውድ የሆነው ዕቃው ነው፤ የሰው ጉልበት ከዕቃው ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ኮሮላዬ ሲበላሽ ከማወጣው ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ለመለዋወጫ ነው፤ ሲለፋ ለሚውለው መካኒክ የሚደርሰው ትንሹ ድርሻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ብቻ ከመኪናው ሥር ብተኛ የማተርፈው ጥቂት ነው። እንደዚያም ሆኖ ኮፈኑን ራሴ መክፈት አልተውኩም፣ ልተወውም አልፈልግም። ምክንያቱ ከጉልበት ዋጋ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

በሌላ አገር ስለ አሮጌ መኪና የሚነገር አንድ ምክር አለ፤ ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ከበለጠ መኪናውን ጣለው የሚል። ይህ ምክር ለእኛ አይሠራም። የእኛ አሮጌ መኪና በብር ሲተመን ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ በዕድሜያቸው ልክ እየከበደ የሚሄድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮት ወጣ። እንግዲህ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የተሠራችው ባለ 1.3 ሊትር ኮሮላዬ ልጥላት ብል የምትጣል አይደለችም። የምትተካበት መንገድ ጠብቧል። መጠገን ግዴታ ከሆነ ደግሞ ማን ይጠግናት የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል።

እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሳይፈልግም ግማሽ መካኒክ ይሆናል። መካኒኩ የሚያስፈልገውን ዕቃ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ሶማሌ ተራ ሄዶ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የሚገዛው ግን ባለ መኪናው ነው። ሻጩ ሦስት ዓይነት ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል፤ አንዱ የፋብሪካው የራሱ፣ አንዱ ከተፈታታ መኪና የወጣ ያገለገለ፣ አንዱ ደግሞ በሚያምር ካርቶን የታሸገ አስመስሎ የተሠራ። ምርጫው ለማያውቅ ሰው ከባድ ነው። ብዙ ሰው ያገለገለ የተባለውን ሁሉ ይሸሻል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሞተሩን ለሚያስነሣው ሞተሪኖ፣ ባትሪውን ለሚሞላው ዲናሞ፣ ለበር መክፈቻ፣ ከጃፓን መኪና የወጣ ያገለገለ ዕቃ አስመስለው ከሠሩት አዲስ ዕቃ በብዙ ይሻላል። ሥራው ማለቅ የሆነ ዕቃ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ)፣ የውኃ ቱቦ፣ ጎማነት ያለው ማንኛውም ነገር ያገለገለ ከሆነ በነጻም ቢሰጠኝ አልወስደውም። የተቀመጠ ጎማ ባይሠራበትም ያረጃል።

ዕቃውን የሚገዛው ባለቤቱ ከሆነ፣ የሚገጥመው መካኒኩ ከሆነ፣ የተበላሸው ይህ ነው ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ራሴ ልሥራው ወይስ ልክፈል የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

አንድ ጊዜ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስወጣ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ መስመር መውጣት ጀመረ። ዳር ይዤ ሳቆም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣ ነበር። ቀዝቅዞ፣ ውኃ ተጨምሮበት ወደ ቤት ተመለሰ፤ በማግሥቱ ግን እንደገና ፈላ። በቅርብ ያለው ጋራዥ ወስጄ ሳሳይ መልሱ ወዲያው ተሰጠኝ፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታ ይውረድ። ቴስታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ በቴስታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ነው። ቴስታ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ሞተሩ ግማሽ ድረስ ይፈታል፤ ቴስታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ይስተካከላል፤ ጓርኒሲዮኑ፣ ቡሎኖቹ፣ የሚፈሰው ዘይትና ውኃ ሁሉ በአዲስ ይተካል። ልጁ የነገረኝ በክፋት አልነበረም። የሚፈላ ሞተር ሲያይ በልምድ መጀመሪያ የሚመጣበት ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል።

እኔ ግን ለአንድ ቀን እንዲቆይልኝ ጠየቅሁና በሰፈራችን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ሳሉ ተግባረ ዕድ ተምረው ዕድሜያቸውን በሙሉ በሞተር ያሳለፉ ሰው ናቸው። በማግሥቱ በማለዳ ቤት መጡልኝ።

«ልጄ፣ ሞተሩ አድሯል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተነሣም።»

«እንግዲያው የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አምጣልኝ።»

ክዳኑን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን የጎማ ቀለበት በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉት። ደርቋል፤ ዳር ዳሩም ተሰነጣጥቋል። ከዚያ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን አስነሣ አሉኝና ውኃውን አተኩረው አዩ። ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ ከሲሊንደሩ የሚያመልጠው ጋዝ ገና ሞተሩ ሳይሞቅ በውኃው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ያስነሣል። ጥቂት አረፋ ወጥቶ ቆመ፤ በቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ነበር። የዘይት መለኪያውን አወጡ፤ ውኃ የገባበት ዘይት ማኪያቶ ይመስላል፣ የእኔ ግን ጥቁርና ንጹሕ ነበር። ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ አሸተቱ፣ እጃቸውን ከፊቱ አደረጉ። ነጭ የውኃ ጭስ አልነበረም። «ቴስታ የሚያስወርድ ነገር አላየሁም። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይር» አሉኝ።

ለምን ክዳን ያህል ትንሽ ነገር ሞተር እንደሚያፈላ ያስረዱኝ ጊዜ ስለ አዲስ አበባ የማላውቀውን ነገር ተማርኩ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ በጤናው የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ይህ ማለት ግፊት ባይኖር የአዲስ አበባ መኪና ምንም ሳይበላሽበት ሊፈላ ይችላል። ከዚያ የሚያድነው ክዳኑ ነው። ብዙውን ጊዜ 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ይህ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ይይዝና መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ይወስደዋል። ጎማው ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፤ ውኃው ዳገት ላይ ይፈላል። ጅቡቲ ወይም ድሬዳዋ ላይ ውኃ የሚፈላው ከፍ ባለ ሙቀት ስለሆነ ያው የደከመ ክዳን ጥቂት ጊዜ ሊቆይ ይችል ይሆናል፤ ሽሮ ሜዳ ላይ አይቆይም። በነገራችን ላይ ሞተሩ ትኩስ ሳለ ይህን ክዳን መክፈት ፊትን ያቃጥላል፤ አዛውንቱ መጀመሪያ «አድሯል?» ብለው የጠየቁኝ ለዚህ ነው።

ክዳኑ ተቀየረ፣ ራዲያተሩ ታጠበ፣ ከቧንቧ ውኃ ይልቅ ትክክለኛው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተሞላ። መፍላቱም ቆመ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ወጣቱን መካኒክ ለማሳጣት አይደለም። ልቤ ውስጥ የቀረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አዛውንቱን «ስንት ልክፈልዎት?» ስላቸው ደነገጡ። «ምን ሠራሁና? ምንም አልፈታሁም፤ አየሁልህ እንጂ» አሉኝ። በግድ ነው የተቀበሉኝ። አንድ ቴስታ ያዳነ ሰው እጁ ዘይት ስላልነካ ብቻ ምንም እንዳልሠራ ተሰማው። ወደ ቤት ስገባ የጥገናችን ትልቁ ሕመም የት እንዳለ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። እኛ የምንከፍለው ለፈታና ለገጠመ ነው፤ አይቶ ላወቀ አንከፍልም። ለማየት ካልተከፈለው መካኒክ እንጀራውን የሚያገኘው ከመቀየር ብቻ ነው። ስለዚህ ይቀይራል። አንዳንዱም ከዕቃ ሻጩ ድርሻ ይቀበላል። ጥፋቱ በእሱ ብቻ ላይ መጣሉ ትክክል አይመስለኝም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ የሞተሩን ድምፅ ያዳመጠ ሰው «ደህና ነው፣ ምንም አያስፈልገውም» ቢለን ስንቶቻችን ነን ገንዘብ አውጥተን የምንሰጠው? አመስግነን ነው የምንሄደው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። ምርመራ ነጻ መሆን የለበትም። ወይ እኔ በጊዜዬና በትምህርቴ እከፍልበታለሁ፣ ወይ ለሚያውቅ ሰው በገንዘብ እከፍላለሁ። ቡሎን መፍታቱን ማን እንደሚሠራው ከዚያ በኋላ በቀላሉ ይወሰናል።

በራሴ መመርመር የምችለው ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንድ ርካሽ ቮልት መለኪያ ገዝቻለሁ። ጠዋት መኪናው አልነሣ ሲል ሁሉም ሰው «ባትሪ ነው» ይላል። ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው መካከል መውጣት አለበት። ሞተሩ እየሠራ ቁጥሩ ካልጨመረ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ችግሩ ዲናሞው ወይም ሽቦው ጋ ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ ደህና ሆነው መኪናው አልነሣ ካለ የባትሪው ጫፍ ላይ የተጋገረውን ነጭና አረንጓዴ ነገር ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት የሞቀ ውኃ አጥባለሁ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አውጥቶ ጫፉን ማየትም ያስተምራል። የጠቆረና ደረቅ ጥላሸት የያዘ ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። በዘይት የራሰ ከሆነ ጉዳዩ ከበድ ያለ ነው።

ዘይትና ፊልትሮ የምቀይረው ራሴ ነኝ። የሚወጣውን ዘይት ቀለሙንና ሽታውን አያለሁ፤ በጣቶቼ መካከል አሽቼ የብረት ብናኝ እንዳለበት እፈልጋለሁ፤ በየጊዜው ሳየው የሞተሩን ሁኔታ ይነግረኛል። ሌላ ሰው ሲቀይረው ይህ መረጃ በርሜል ውስጥ ይደፋል። አሮጌውን ዘይት ቦይ ውስጥ አልደፋውም፤ ለኮንክሪት ሳንቃ መቀቢያ የሚወስዱት የግንባታ ሠራተኞች በሰፈራችን አሉ። ከመኪናው ሥር ስገባም በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አልገባም። ይህን የምለው በሰፈራችን ልጆች ድንጋይ ደግፈው ሲሠሩ ሳይ ሆዴ ስለሚርበተበት ነው። የብረት ማቆሚያ ከሌለ ጉዳዩ ይቆይ፤ ለጋራዥ መክፈል ከዚያ በላይ ርካሽ ነው።

ፍሬን ላይ ከወንድሜ ጋር አንስማማም። እሱ በሜዳ አገር ነው የሚነዳው። እኔ ለበዓል ወደ ጎጃም ስወርድ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይን በረሃ አቋርጣለሁ፤ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሄዳል እንጂ መኪናው አይይዝም። በየሁለት ዓመቱ መቀየር እንዳለበት የሚያውቅ ባለ መኪና ጥቂት ነው፤ ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ስንሄድም ትኩረታችን መብራቱና ጎማው ላይ ነው። እኔ የማደርገው የሸራውን ውፍረትና የዘይቱን ቀለም መመልከት ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ወይም ዘይቱ ሲጠቁር ወደማምነው መካኒክ እወስደዋለሁ፤ ሥራውን በሙሉ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። ሞተር ላይ የሠራሁት ስሕተት መኪናውን ያቆመዋል፤ ፍሬን ላይ የሠራሁት ስሕተት ግን መኪናውን እንዳይቆም ያደርገዋል፤ ከፊቴ ደግሞ የሰው ልጅ አለ።

በዚህ መንፈስ ከመካኒኮች ጋር ያለኝ ግንኙነትም ተለውጧል። ገና በልጅነታቸው ቁልፍ እያቀበሉ፣ ዕቃ እያጠቡ ነው አብዛኞቹ ሙያውን የለመዱት። ጆሯቸው እኔ ከየትም መጽሐፍ የማላገኘውን ይሰማል፤ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ሲያልቅ የሚሰጠውን ድምፅ ከጎማ ድምፅ የሚለዩት ገና በሩቅ ነው። የወር ደመወዜን በቢሮ የማገኝ ሰው ሆኜ በኢንተርኔት ቪዲዮ ተማምኜ ልከራከራቸው አልወድም። «ይህን ሕመም አየሁ፣ ይህን ለካሁ፣ አንተስ ምን ይመስልሃል?» እላለሁ። ለመልሱ እከፍላለሁ። «ምንም አያስፈልገውም» የሚል መልስ ሲሰጠኝ ደግሞ ትንሽ ጨምሬ እከፍላለሁ፤ ያን ቃል ለመናገር ገቢ ማጣት አለበትና።

የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተማችን እየበዙ ነው፤ እነሱ ዘይትም ካንዴላም የላቸውም። ባለቤቱ በራሱ የሚያየው ነገር ይቀንሳል፣ በምርመራው ላይ ያለው ጥገኝነት ይጨምራል። ለማየት መክፈልን ዛሬ ካልለመድን ያን ጊዜ ምን እንደምንሆን ያሳስበኛል።

ለጊዜው ግን የተቀመጠብኝ ጉዳይ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለያየው ፍሪሲዮን ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይስብም። ሜዳ ላይ አቁሜ፣ የእጅ ፍሬን ይዤ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁት። ጤነኛ ቢሆን ሞተሩ ወዲያው መጥፋት ነበረበት፤ አልጠፋም። ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) ሳይወርድ አይታወቅም፤ ካምቢዮ ማውረድ ደግሞ የእኔ ጓሮ ሥራ አይደለም፤ ከባድ ነው፣ ከሥር ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ለመካኒክ እከፍላለሁ። ሸራውን፣ የሚጫነውን ሰሐንና ኩሽኔታውን ሦስቱንም አብሬ ገዝቻለሁ፤ አንዱ ብቻ ተቀይሮ ሌላው ከጥቂት ወራት በኋላ ቢያልቅ ያንኑ የማውረጃ ዋጋ ሁለተኛ መክፈል ነውና። ከመካኒኩ ጋር የተስማማነው ካምቢዮው እንደወረደ ምንም ሳይገጥም እንዲጠራኝ ነው። አብረን የሞተሩን የኋላ ዘይት መያዣ ጎማ እናያለን፤ ለዚያች እይታ ለብቻው ዋጋ ቆርጠናል። ዘይት አፍስሶ ከሆነ ጎማውን ልገዛ ሶማሌ ተራ እሄዳለሁ፣ ደረቅ ከሆነ ቅዳሜውኑ ይገጥመዋል።